ቀይ ያልነካው ቅጽ

ከትምህርት ቤት የሚለቅ መምህር ክሊራንስ ይሞላል። የቤተ መጻሕፍት፣ የቤተ ሙከራ፣ የንብረት ክፍልና የስፖርት ክፍል ኃላፊዎች ሁሉ መፈረም አለባቸው። እኔ ኳስ ነክቼ ባላውቅም የስፖርት ክፍሉ ፈራሚ ስላልተገኘ አንድ ሙሉ ቀን ጠብቄአለሁ። ሁሉን መልሼ ስጨርስ ኪሴ ውስጥ የቀረው አንድ አጭር እርሳስ ነበር፤ አንዱ ጫፉ ሰማያዊ፣ ሌላው ቀይ።

የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ አየችውና «ይሄስ የማን ነው?» አለችኝ።

ስማቸው ከሚባሉ መምህር የተሰጠኝ መሆኑን ነገርኳት። ፈርማ አሰናበተችኝ። ስለ አሥራ ሦስት ዓመት የመምህርነት ሥራዬ ለመጻፍ ስቀመጥ ከዚህ እርሳስ መጀመር የሚሻል መሰለኝ፤ ትልቁ ስህተቴ የደረሰው ግማሹን ባለመጠቀሜ ነውና።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። የተመረቅኩት በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ነው። በሙያዬ ሥራ ስላላገኘሁ የማስተማር ሥልጠና ወስጄ የባዮሎጂ መምህር ሆንኩ፤ የመጀመሪያ ምደባዬም ብቸና ሆነ። ደመወዙ የቤት ኪራይና ሽሮ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ስለሱ የምለው የለኝም። መምህር ስማቸውን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ጡረታ የቀረባቸው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በልጅነታቸው በቅኔ ቤት ስለኖሩ በልመና እህል መማር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ሲቆጡ ጠመኔውን ቀስ ብለው ያስቀምጡታል፤ ክፍሉም ጸጥ ይላል።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚፈልገውን የትምህርት መስክና ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል በወረቀት ቅጽ ይሞላ ነበር። ዛሬ በስልክ ይሞላል፤ አሠራሩም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የማይለወጠው አንድ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ሁለተኛ ላይ መጻፍ የነበረበትን አንደኛ ላይ የጻፈ ልጅ ከቤቱ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ሊገኝ ይችላል። መምህር ስማቸው ይህን ቅጽ ለሃያ ዓመት ያህል ሲያስሞሉ ኖረዋል። እኔ ረዳታቸው እንድሆን ተመደብኩ።

ተማሪን «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። የሚጠይቁት «ስንቅህን ማን ያመጣል? ተነስቶ እስኪደርስስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» ብለው ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ ግን ሐሳቡ ገባኝ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወጪውን አስቀድሞ አይጠይቅም፤ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርምና ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ድሃውን ልጅ ከመንገድ የሚያስቀረው ሳሙናው፣ ደብተሩ፣ የአውቶቡሱ ሒሳብ፣ ቤት ውስጥ የጎደለው እጅ ነው። የመምህር ስማቸው ምክር ከዚህ ይነሳል። ተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ከሕክምናና ከምህንድስና በዓመት ያንሳል። ቅርባችን ባለው ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ውድ ዕቃ አያስገዛም። የተግባር ልምምዱን ልጁ በገዛ ቀበሌው ሊሠራ ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ድንጋይ ሲክብ ያደገ ልጅ ወደዚህ ክፍል ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም።

ቅጹ ከመሞላቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ቦረቦር ይወስዷቸዋል፤ ጎርፍ እርሻ ሰንጥቆ ወደ ቆፈረው ጥልቅ ጉድባ ማለት ነው። እዚያ ክትር ያሠሯቸዋል። ክትር የጎርፉን ጉልበት ለመስበር በቦረቦሩ አግድም የሚካብ የድንጋይ ግድብ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ነገር ካልተጠበቀ ግን አንድ ዝናብ አይችልም። አንደኛ፣ የግድቡ ሁለት ጫፍ የቦረቦሩ ግድግዳ ተቆፍሮ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ሁለተኛ፣ መካከሉ እንደ ኮርቻ ዝቅ ማለት አለበት። ልጆቹ ሁልጊዜ አናቱን ቀጥ አድርገው ይክቡታል፤ እንዲያ ሲሆን የሚያምር ይመስላቸዋል። መምህር ስማቸው መካከሉን ድንጋይ በድንጋይ ያወርዱታል።

«ውሃን አትከልክሉት፤ በር ስጡት» ይላሉ። «በር ያጣ እንደሆነ ዞሮ ግድግዳችሁን ይበላዋል።»

ከዚያ ወላጅ ይጠራል። እርሳሱ ሥራ የሚጀምረው አሁን ነው። ልጁ የሚለው በሰማያዊው ይጻፋል፤ ወላጅ የሚያጉረመርመው በቀዩ። ቀይ ያልነካው ረቂቅ ወደ ቅጹ አይገለበጥም፤ ይህ ሕጋቸው ነው። አሠራሩን መጀመሪያ ያየሁት ፈንታሁን የሚባል ተማሪ አባቱን ይዞ በመጣ ቀን ነው። አባትየው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«እርስዎ እንዳሉ፣ መምህር» አሉ።

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«እንግዲያ ልጁ እንዳለ።»

«ልጁ ያለውማ ይኸው በሰማያዊ ተጽፏል። ቀዩ ነው ባዶ የሆነብኝ።»

«ቀዩ የምን ነው?»

«የእርስዎ ቅሬታ ነው።»

«ኧረ ምን በወጣኝ! እኔ ምን ቅሬታ አለኝ!»

መምህር ስማቸው ወንበር አቀረቡላቸው፤ ከኪሳቸው ሽምብራ ቆሎ አውጥተው አካፈሏቸው፤ ከዚያ ዝም አሉ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ውጭ የተሰለፉ ወላጆች ነበሩ። አባትየው ቆሎውን ጨርሰው እጃቸውን አራገፉ።

«ግን እኮ…» አሉ።

መምህር ስማቸው እርሳሱን አዞሩ።

«ግን እኮ መምህር፣ አፈሩንማ እኔም አውቀው የለ? የጎረቤቴ ልጅ ሐኪም ሊሆን ነው ሲባል የእኔው ዞሮ ጭቃዬ ላይ ሊቆም? ምን ብዬ ልንገራቸው? አሥራ ሁለት ዓመት በሬ ሳይጠምድ ያኖርኩት ለዚህ ነው ልበል?»

«ሌላስ?» አሉ መምህር ስማቸው እየጻፉ።

«ሌላማ… ከበታቹ አራት አሉብኝ። ለሐኪምነቱም ቢሆን ያን ያህል ዘመን ልጠብቀው አልችልም። ይሄኛው ስንት ዓመት ነው?»

ተነገራቸው።

«ኧረ ይኸን አስቀድመው አይነግሩኝም ኖሯል!» ብለው ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ፈንታሁን ቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በጊዜው ተመረቀ።

ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ለምን ያን ያህል እንደጠበቁ ጠየቅኳቸው።

«በእኛ አገር “እርስዎ እንዳሉ” ስምምነት አይደለም፤ ሰላምታ ነው» አሉኝ። «ሰው መምህር ፊት አይከራከርም። ቤቱ ገብቶ ነው የሚከራከር። ያኔ አንተ የለህም።»

ሁለት ዓመት ሠርቼ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ስንሰነባበት እርሳሱን ሰጡኝ፤ ገና ረጅም ነበር።

ሞጣ ላይ የምርጫ ቅጽ ኃላፊነቱ የእኔ ብቻ ሆነ፤ እኔም አሠራሩን አሻሻልኩት። ቅዳሜ ቦረቦር መውረዱን አላስቀረሁም፤ እወደው ነበር። የተቀረውን ግን በሠንጠረዥ ተካሁት። በአግድም ውጤት፣ መስክ፣ የዓመት ብዛት፣ የተወዳዳሪ ብዛትና የመመደብ ዕድል አሉበት፤ በቁም የተማሪዎች ስም። መስመሮቹን በማስመሪያ አሰመርኳቸው። ርዕሰ መምህሩ አይተው «እንዲህ ነው ሥራ!» አሉና ግድግዳ ላይ አስለጠፉት። ማጉረምረም የሚጻፍበት ሣጥን አልነበረውም።

በሦስተኛው ዓመቴ ማስተዋል የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ከምትገኝ ቀበሌ የመጣች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራይታ የምትማር፣ ሰኞ ሰኞ በሶዋን ቋጥራ የምትገባ ልጅ ናት። አባቷ ሞቷል። ቦረቦር በወረድን ቀን ሌሎቹ አናቱ ቀጥ ያለ ግድብ ሲክቡ የእሷ ቡድን ብቻ መካከሉን ዝቅ አድርጎ ጠበቀኝ፤ መምህር ስማቸው ያሉትን ስነግራቸው የያዘችው እሷ ነበረች። ተፈጥሮ ሀብት እንደምትመርጥ ማንም አልነገራትም።

«ቅርቡን ዩኒቨርሲቲ ላስቀድም፣ ቲቸር» አለችኝ።

ሠንጠረዡን አሳየኋት። ቅርቡን ሁሉም ስለሚመርጠው ተወዳዳሪው በዝቷል። ደቡብ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግን ክፍሉ ጥሩ፣ የችግኝ ጣቢያው ሰፊ፣ ተወዳዳሪውም ጥቂት ነው። መመደቧ ቁርጥ እንዲሆን ሩቁን አንደኛ ማድረግ እንዳለባት በዝርዝር አስረዳኋት። ማስረዳት እወዳለሁ። እሷም ሰማችኝ።

እናቷ ወይዘሮ አንጓች ሐሙስ ዕለት ጌሾ ሸጠው ባዶ ቅርጫታቸውን እንደያዙ መጡ። ለእሳቸውም አስረዳኋቸው።

«እርስዎ እንዳሉ» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ቅጾቹ ዓርብ ይድረሱ ብለው ነበር። በሰማያዊው «ወላጅ ተስማምተዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ እሳቸውም በጣታቸው ፈረሙ። ያ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም።

ምደባው እንዳሰብኩት ደቡብ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ክፍል በገባሁ ቁጥር የማስተዋልን ስም እንደ ምሳሌ እጠራ ነበር።

ሰኔ መግቢያ ላይ ሞጣ ገበያ ውስጥ አየኋት። ሁለት የዶማ እጀታ ተሸክማለች።

«ማስተዋል! ትምህርት ተዘጋ እንዴ?»

«አልተዘጋም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ቦረቦሩ መጣ» አለች። ከቤታቸው በታች ያለው ቦረቦር በመጀመሪያው ዝናብ ማሳቸውን መብላት ጀምሮ ኖሯል። በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ እናትና ልጅ ናቸው ክትሩን የሚጠግኑት፤ አንዷ ትክባለች፣ አንዷ ታቀብላለች። ዘንድሮ እናት ብቻቸውን ካቡት። ጎረቤት ስልክ ደውሎ ነገራት፤ በነጋታው ተነሳች።

«ፈተናውስ?»

«አልተቀመጥኩም።»

«ዊዝድሮዋል ሞልተሻል?»

«ምንድን ነው እሱ?»

ትምህርት አቋርጦ የሚሄድ ተማሪ ያን ወረቀት ካልሞላ ቦታው አይጠበቅለትም። ስለ ተወዳዳሪ ብዛት ሁሉን አስረድቻት ይህን አልነገርኳትም ነበር። ስልክ ደወልኩ፤ ደብዳቤ ጻፍኩ። ያገኘሁት መልስ አጭር ነበር፦ አስፈርሞ ያልወጣ ተማሪ ጠፋ ተብሎ ይመዘገባል።

ቅዳሜ ወደ ቀበሌያቸው ሄድኩ። ወይዘሮ አንጓች የሠሩት ክትር አናቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተነቃነቀም። ጎርፉ ግን በግራ በኩል ዞሮ ከግድግዳው ጋር የጤፍ ማሳውን ዳር ቆርጦ ወስዷል። ማስተዋል ከታቹ አዲስ ክትር ሠርታለች፤ ጫፎቹ ወደ ውስጥ የገቡ፣ መካከሉ ዝቅ ያለ። ያ ክረምት እስኪወጣ ቆይቷል።

ቤት ገብተን ተቀመጥን።

«ቅጹን ስንሞላ ምነው ይህን ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«እርስዎ መምህር ነዎት፤ እኔ ማን ነኝና?» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ማስረዳት እጀምር ነበር። ያን ቀን ግን የሚሉትን ጠበቅኩ። ጠላ ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ። ደግመው ቀዱልኝ። ከዚያ ማድጋውን አስቀምጠው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«እንግዲያ ይስሙኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያችን መሬት የያዝናት እኔና እሷ ነን። ሰኔ ላይ ድንጋይ የሚያቀብለኝ ማን ነው ብዬ ልጠይቅዎ ነበር። ሩቅ አይሁን ብል፣ ልጇን ከትምህርት ልታስቀር ነው ይሉኛል ብዬ ዋጥኩት። እርስዎም ወረቀትዎን ነበር እንጂ የሚያዩት፣ እኔን መች አዩኝ? ቅርብ ብትሆን ቅዳሜ መጥታ እሑድ አትመለስልኝም ነበር? አፈር እንዳይሄድ ልትማር ሄደች፤ ይኸው አፈሩ ሄደ፤ እሷም ቀረች!»

«እማ፣ በቃ» አለች ማስተዋል።

«ተይኝ! ዓመት ሙሉ ያላልኩትን ነው የምለው!»

በሚቀጥለው ሳምንት ብቸና ወረድኩ። መምህር ስማቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ግቢያቸው ውስጥ የጽድ ችግኝ ያጠጡ ነበር። ሁሉን ነገርኳቸው። እርሳሱን አምጣ አሉኝ። ሰማያዊው ወገን ሊያልቅ ደርሶ አጥሯል። ቀዩ ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ ሳይቀረጽ ደንዝዞ ተቀምጧል። ኪሳቸውን ዳብሰው ምላጭ አወጡና ቀዩን ብቻ ቀርጸው መለሱልኝ።

«ልጅቱ መማር ትፈልጋለች?»

«ትፈልጋለች።»

«እናትየውስ አጉረመረሙ?»

«በጣም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? ቀዩን አግኝተሃል፤ ሂድና ጻፈው።»

ማስተዋል በግል ተፈታኝነት እንደገና ተመዘገበች። ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ በኋላ አንድ ሰዓት እየቆየች አስጠናኋት። ፈተናውን አለፈች። ሁለተኛውን ቅጽ የሞላነው ቤታቸው ነው፤ ወይዘሮ አንጓችም አንድ ከሰዓት ሙሉ አጉረመረሙ፦ ስለ መኝታው፣ ስለ ጎረምሳው፣ ስለ ሳሙናው፣ ማታ ማታ ስለሚጠፋው መብራት። ሁሉን ጻፍኩ። ግማሹ መፍትሔ አልነበረውም፤ ቢሆንም ተጽፏል። ቅርቡን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ አደረግን፤ በውጤቷ ደረሳት። ሠንጠረዤ የፈራው ተወዳዳሪ ብዛት አልጣላትም።

ከዚያ ወዲያ ስንቋን የጠዋቱ አውቶቡስ ረዳት ያደርስላት ነበር። መንገዱ በተዘጋባቸው ወራት ትምህርቱም ስንቁም ይቋረጣል፤ ሲከፈት ይቀጥላል። ግንቦትና ሰኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ድንጋይ ታቀብል ነበር። የተግባር ልምምዷን በዚያው ቦረቦር ላይ ሠራች። ተመረቀች። የክፍል ጓደኞቿ ግን ቀድመዋት ሥራ ይዘው ነበር፤ የባከኑባትን ዓመታት የመለሰላት የለም። የሄደው የማሳ ዳርም አልተመለሰም። ይህን የምጽፈው ታሪኩ መልካም መጨረሻ አለው ተብሎ ስህተቴ እንዳይረሳ ነው።

ዘንድሮ ወረዳው የተፋሰስ ልማት ባለሙያ ሲፈልግ ተወዳድሬ አለፍኩ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ወደ ተማርኩበት ሙያ መመለሴ ነው። ክሊራንሴን ጨርሼ በሳምንቱ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው የመስክ ሥራ የደረሰኝ የማስተዋል ቀበሌ ሆነ። እሷ ከተመረቀች ወዲህ የቀበሌው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ናት። ከላይ ካለው ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ሰብስቦ የሚያወርድ ቦይ መቆፈር አለበት፤ ቦዩም የወይዘሮ አንጓችን ማሳ ዳር ይዞ ያልፋል። ሰዎቹ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ተሰበሰቡ። ካርታ ዘርግቼ ስለ ተዳፋቱ፣ ስለ ቦዩ ስፋት፣ ሣር የሚተከልበት ቦታ የት እንደሆነ ሳይቀር አስረዳሁ። ጥሩ አድርጌ ያስረዳሁ መሰለኝ።

«እናንተ እንዳላችሁ» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ወደ ወይዘሮ አንጓች ዞርኩ። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ቅርጫታቸው ያው ነው።

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«እኔማ፣ እርስዎ እንዳሉ» አሉ።

ቃለ ጉባኤውን ገልጬ ከኪሴ እርሳሱን አወጣሁ። «ተስማም…» ድረስ ጽፌ ነበር፤ ማስተዋል ከጎኔ ሆና ወደ ወረቀቱ ሳታጎነብስ ተናገረች።

«ቲቸር፣ በየትኛው ጫፍ ነው የሚጽፉት?»

እጄን አየሁት። ሰማያዊው ነበር። የጻፍኩትን ሰረዝኩና እርሳሱን አዞርኩ፤ ክትሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይም ተቀመጥኩ። ማስተዋልም ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና አንድ በአንድ ተቀመጡ። ከታች ውሃው በክትሩ መካከል ሲወርድ ይሰማል።

ወይዘሮ አንጓች ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ግን እኮ…» አሉ።